ኒውዮርክ መሀል ሰው የማይረግጣት ደሴት አለች፣ ታሪኳን ስቆፍር ሁለት ሳምንት ጠፋሁ (ረጅም ነው፣ ቡና ይዛችሁ)

መሪ ጨባጭ፦
ሰላም ለቤቱ። ትራክ ነው የምነዳው፣ ብዙ ጊዜ ብሮንክስ ሀንትስ ፖይንት አትክልት አደርሳለሁ፣ ተራዬ እስኪደርስ ደግሞ እዛው ውሃው ዳር ባሬቶ ፖይንት የምትባል ትንሽ መናፈሻ አለች እዛ ሄጄ እግሬን አፍታታለሁ። እና ከመናፈሻዋ ፊት ለፊት፣ ዋናተኛ ብትሆን በአንድ ትንፋሽ የምትደርስባት የምትመስል ደሴት አለች (አትሞክሩት፣ ውሃው እዛ ጋ ሰው ይበላል)። በዛፍና በሀረግ ተውጣለች፣ መሀሏ ላይ አንድ ረጅም ጭስ ማውጫ ብቅ ብሏል፣ ጣራቸው የወደቀ የሸክላ ህንጻዎች ይታያሉ፣ ሰው ግን የለም። አንድም! ስምንት ሚሊዮን ሰው ባለበት ከተማ፣ ጓዳ የምታክል ክፍል ለመከራየት ሰው በሚጋፋበት ከተማ ባዶ ደሴት! አንድ ዓሣ የሚያጠምድ ሽማግሌ ጠየቅኩት፣ «የታይፎይድ ሜሪ ደሴት ናት» አለኝና ወደ መንጠቆው ዞረ። በቃ ከዛን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ስሟ ኖርዝ ብራዘር ነው፣ ሰሜናዊው ወንድም ማለት፣ አጠገቧ ደግሞ ትንሹ ሳውዝ ብራዘር አለ። የጥንቶቹ ደቾች ናቸው ሁለቱን «ጓደኛሞቹ» ብለው የሰየሟቸው ይባላል። ስፋቷ 20 ኤከር ገደማ ነው፣ ወደ 8 ሄክታር፣ በአያቶቻችን ልክ ከጋሻ መሬት አንድ አምስተኛው። ባህር አይደለችም ወንዝ ላይ ናት (ኢስት ሪቨር ቢሉትም በደንብ ካየነው የባህር ወሽመጥ ነው)፣ በአንድ በኩል ብሮንክስ በሌላው ሪከርስ የሚባለው የእስር ቤት ደሴት። በ1869 በፈረንጆቹ የመርከብ መብራት ተተከለባት፣ በ1885 ደግሞ ሪቨርሳይድ የሚባለው የተላላፊ በሽታ ሆስፒታል ከሌላ ደሴት ወደሷ ተዛወረ። ፈንጣጣ፣ ተስቦ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ሥጋ ደዌ፣ ምኑ ቅጡ። ቤቱ ሰፊ የሆነና ሐኪም መክፈል የሚችል እቤቱ ተለይቶ ይታከማል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆኖ የሚያድረው ስደተኛ ግን በጀልባ ይጫናል። ቤተሰብ ማዶ ቆሞ ያለቅሳል።

ከናንተ ውስጥ ኒውዮርክ ያለ፣ ወይ የሚያውቅ ካለ ይጨምርልኝ።

ቀይ ወጥ፦
ታይፎይድ ሜሪ እኮ ሆን ብላ ሰው በምግብ የጨረሰች ክፉ ሴት ናት፣ ዩቱብ ላይ አይቻለሁ፣ በመቶዎች ነው የገደለችው

መሪ ጨባጭ፦
@ቀይ ወጥ ወንድሜ ረጋ በል። በስሟ በትክክል የተመዘገበው ከ50 ትንሽ የሚያልፍ በሽተኛ ነው፣ የሞቱት ደግሞ 3። ያልታወቁ ሊኖሩ ይችላሉ እሺ። በመቶዎች የሚለው ግን የዩቱብ ቅመም ነው።

ላብራቶሪ ነኝ፦
ባለሙያ ስለሆንኩ ልግባበት 😄 መጀመሪያ ተስቦና ታይፎይድን አትደበላልቁ፣ ተስቦ (ታይፈስ) በቅማል የሚተላለፍ ነው፣ ታይፎይድ ደግሞ ሳልሞኔላ ታይፊ የሚባል ባክቴሪያ ነው ከሰው ሰገራ ወጥቶ በውሃና በምግብ ተመልሶ ሰው አፍ ውስጥ የሚገባ። አገራችን ክሊኒክ የሄደ ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኝቶብሃል» ተብሎ አንድ ፌስታል መድኃኒት ይዞ ስለሚመለስ መንታ ወንድማማች ይመስሉናል፣ ያ በደም የሚሰራው የዊዳል ምርመራ ራሱ በጣም የሚያሳስት ነው ግን ያን ከጀመርኩ አላቆምም።

የሜሪ ነገር፦ ታይፎይድ ይዟቸው ከዳኑት ውስጥ ከመቶ ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ባክቴሪያው ሐሞት ከረጢታቸው ውስጥ ጎጆ ቀልሶ ይቀራል። እነሱ ጤነኛ ናቸው፣ ትኩሳት የለ፣ ሆድ ቁርጠት የለ፣ ግን ሽንት ቤት በሄዱ ቁጥር ይጥሉታል። እጅ ካልታጠበ አለቀ። ሜሪ አሜሪካ ውስጥ እንደዚህ «ጤነኛ ተሸካሚ» ተብላ የተለየች የመጀመሪያዋ ሰው ናት። አንቲባዮቲክ ያኔ የለም፣ ለታይፎይድ የሚሆነው ክሎራምፌኒኮል በ1948 ነው የመጣው፣ እሷ ከሞተች ከአስር አመት በኋላ።

እና ምግቡ ሲበስል ሙቀቱ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ስለዚ @ቀይ ወጥ ያንተን ስም ብትሰራ ኖሮ ሁለት ሰአት ሲንተከተክ ማንም ባልታመመ። ክትፎ ብትሰራ ነበር ጉዱ።

ቀይ ወጥ፦
ሃሃሃሃ እሺ ተመከርኩ። እና ምን ነበር የምትሰራው?

መሪ ጨባጭ፦
አይስክሬም! ጥሬ ኮክ የተከተፈበት አይስክሬም ነው ተብሎ የተጠረጠረው።

ታሪኩን ከስር ልንገራችሁ። ሜሪ ማለን በ1869 አየርላንድ የተወለደች፣ ልጅ ሆና ብቻዋን የተሰደደች፣ በሙያዋ የተመሰገነች የሀብታም ቤት ምግብ አብሳይ ናት። 1906 ክረምት ላይ ሎንግ አይላንድ ኦይስተር ቤይ አንድ ባለባንክ ለእረፍት በተከራየው ቤት ውስጥ ካሉት 11 ሰዎች 6ቱ በታይፎይድ ወደቁ። ታይፎይድ ደግሞ የድሃ ሰፈር በሽታ ነው የሚባለው፣ ባለቤቱ ቤቴን ማን ይከራየኛል ብሎ ደነገጠ፣ ጆርጅ ሶፐር የሚባል የንጽህና መሐንዲስ ቀጠረ። ሶፐር ውሃውን ፈተሸ፣ ወተቱን ፈተሸ፣ ምንም የለም። ከዛ «አብሳይዋስ የት ሄደች?» አለ። ሄዳለች። የሰራችባቸውን ቤቶች ወደኋላ ቢቆጥር፣ ከ8 ቤተሰብ 7ቱ ውስጥ ታይፎይድ ገብቷል።

አሁን አስቡት፣ የማታውቀው ሰውዬ የምትሰራበት ማድ ቤት ድረስ ዘው ብሎ ገብቶ «ሰው እያሳመምሽ ነው፣ ሰገራሽን ሽንትሽን ደምሽን ስጪኝ» ይላታል። ትልቁን የስጋ ሹካ አንስታ አባረረችው። እኔም ብሆን! በመጨረሻ መጋቢት 1907 ጆሴፊን ቤከር የምትባል ዶክተር ከፖሊሶች ጋር መጣች፣ ሜሪ አመለጠችና ተደበቀች፣ ለሰአታት ፈልገው አገኟት፣ አምቡላንስ ውስጥ ዶክተሯ ላይዋ ላይ ተቀምጣ ነው የወሰደቻት። ከዛ ወደ ደሴቷ። ውሃው ዳር አንዲት ትንሽ ቤት ሰጧትና ከአንድ ውሻ ጋር ተቀመጠች። ፍርድ ቤት አልቆመችም፣ ጊዜ አልተቆረጠላትም። 163 ጊዜ ሰገራዋን መርምረው 120ው ላይ ተገኘ፣ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳን አልታመመችም፣ እንዴት ትመን? ሐሞትሽን እናውጣው አሏት፣ ያኔ ቢላ ስር መግባት ራሱ የሞት እጣ ስለነበር እምቢ አለች። 1909 ከሰሰች፣ ተሸነፈች።

የኩዌት ማድቤት፦
ሁሌም አንባቢ ነኝ ኮሜንት አልሰጥም ዛሬ ግን አላስቻለኝም። እኔ ዘጠኝ አመቴ ነው ሰው ቤት ስሰራ። ከመምጣቴ በፊት ሜዲካል ስንሰራ አብራኝ የነበረች ልጅ ራጅዋ ላይ ጠባሳ ታየ ተባለና «ወድቀሻል» አሏት፣ ልጅቷ ስታስል እንኳን አይቻት አላውቅም፣ ምንም አላመማትም፣ እናትዋ በግ ሸጣ ነው ያመጣቻት። «አሞሽ ነው» ሲሏት «ማን? እኔ?» ብላ የሳቀችው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ስለሜሪ ሳነብ እሷ ናት የታየችኝ። ሰው ቤት የምትሰራ ሰው እጇ ነው ሀብቷ። እጅሽ መርዝ ነው ስትባል ምን ቀራት?? ደግሞ ማድ ቤት ድረስ መጥቶ ሰገራ ስጪኝ ማለት ምን አይነት ድፍረት ነው፣ ለባለቤትየዋ እንደዛ ይላታል?

ቀይ ወጥ፦
እህቴ ልክ ነሽ ግን ከዛ በኋላ ያደረገችውስ? ለቀዋት እንደገና ተመልሳ አብሳይ ሆነች እኮ

መሪ ጨባጭ፦
እሱ እውነት ነው፣ አልደብቅም። 1910 አዲስ የጤና ኮሚሽነር መጣና ምግብ እንዳታበስል አስፈርሞ ለቀቃት፣ ልብስ አጣቢ ሆነች፣ ክፍያው ከአብሳይነት ጋር አይገናኝም። ቀስ ብላ ጠፋች። 1915 ማንሀተን ውስጥ አንድ የወላዶች ሆስፒታል 25 ሰው በታይፎይድ ተያዘ 2 ሞቱ፣ ሲያጣሩ አብሳይዋ «ሚስስ ብራውን» የምትባል ሴት ናት። ሜሪ ነበረች። የወላዶች ሆስፒታል! እዚህ ጋ እኔም ምላሴ ይታሰራል። ከዛ ወደ ደሴቷ ተመለሰች፣ እስክትሞት። በጠቅላላው 26 አመት ገደማ።

ታሪክ ወዳድ፦
ሙግቱ እንዳያልቅ አንድ ነገር ልጨምር። እሷ ታስራ በነበረበት ዘመን የኒውዮርክ ጤና ቢሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ጤነኛ ተሸካሚዎችን መዝግቦ ነበር። ቶኒ ላቤላ የሚባለው ከ100 በላይ ሰው አሳምሟል 5 ሞተዋል፣ ከሜሪ እጥፍ በላይ ማለት ነው፣ እድሜ ልክ የታሰረ የለም። አልፎንስ ኮቲልስ ደግሞ ዳቦ ቤትና ምግብ ቤት ነበረው፣ ተሸካሚ ነህ አትስራ ተብሎ ሲሰራ ተያዘ፣ 1924 ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ዳኛው ጤነኛ የሚመስልን ሰው ማሰር አልችልም ብሎ ስራህን በስልክ ምራ ብሎ ለቀቀው። ባለቤት፣ ወንድ፣ ቤተሰብ ያለው። ሜሪ ደግሞ ላጤ፣ ስደተኛ፣ አይሪሽ፣ ሰራተኛ፣ አፏም የማይቻል። የአፏን ነገር አትናቁት፣ አንገቷን ደፍታ አልቅሳ ቢሆን ኖሮ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

በነገራችን ላይ እሷ በተያዘችበት 1907 እኛ ጋ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙበት አመት ነው፣ ዘመኑን እንድታስቡት።

ላብራቶሪ ነኝ፦
@ታሪክ ወዳድ የሚገርመው 1918 አካባቢ ደሴቷ ላይ ስራ ሰጥተዋታል፣ በኋላ ደግሞ በቤተ ሙከራው። ጠርሙስ ታጥባለች፣ ናሙና ታዘጋጃለች። የኔ ሙያ ባልደረባ ሆነች በለኝ 🙂 ሰገራዋን ሲመረምሩ የኖሩበት ቤት ውስጥ ሰራተኛ።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
1918 ስትል የህዳር በሽታ አመት አይደል እንዴ? እኛ ቤት ህዳር 12 እስካሁን ቆሻሻ አቃጥለን ሰፈሩን እናጥናለን እናቴ ሳታጥን ውላ አታውቅም

ዳግም ከኩዊንስ፦
ሜሪ ሜሪ ብላችሁ ትልቁን ነገር ረሳችሁት። ጄኔራል ስሎከም። እኔ ኩዊንስ ስለምኖር በዛ ውሃ ዳር ሳልፍ ትዝ ይለኛል።

ሰኔ 15 ቀን 1904 ረቡዕ ጠዋት፣ ጄኔራል ስሎከም የምትባል የእንጨት የሽርሽር መርከብ ከ1,300 ሰው በላይ ጭና ተነሳች፣ የጀርመን ሰፈር የቅዱስ ማርቆስ ሉተራን ቤተክርስቲያን አመታዊ ሽርሽር ነው፣ የስራ ቀን ስለሆነ አባቶች ስራ ናቸው፣ ተሳፋሪው እናትና ልጅ። መንገድ ላይ እሳት ተነሳ። የእሳት ማጥፊያው ቱቦ በስብሶ ውሃ ሲለቁበት ፈነዳ። የህይወት አድን ጃኬቱ 13 አመት ተሰቅሎ የኖረ ነው፣ ውስጡ ያለው ቡሽ ዱቄት ሆኗል፣ እናቶች ልጆቻቸውን አልብሰው ወረወሯቸው፣ እንደ ድንጋይ ሰመጡ። ጀልባዎቹ በሽቦ ታስረው ቀለም ተቀብተውባቸዋል፣ አይፈቱም። ካፒቴኑ ቅርብ ዳርቻ ላይ ቢያቆማት የእንጨት መጋዘንና የዘይት ታንከር ይቃጠላል ብዬ ነው ብሎ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየሰነጠቀ እሳቱን እያራገበ ወደፊት ነዳትና መጨረሻ ላይ ኖርዝ ብራዘር ዳርቻ ላይ ወተፋት። የሆስፒታሉ ነርሶችና ሰራተኞች፣ በሽተኞች ሳይቀሩ፣ ውሃ ውስጥ ገብተው እጅ ለእጅ ተያይዘው አወጡ። በሽታ ታጋባለች ተብላ የምትሸሽ ደሴት ሰው ያዳነችበት ቀን። 1,021 ሰው ሞተ። እስከ መስከረም 11 ቀን 2001 ድረስ ኒውዮርክ እንደዛ ያለ እልቂት አይታ አታውቅም። አስከሬኑ የተዘረጋው እዛው ደሴቷ ሳር ላይ ነበር። የታሰረው ካፒቴኑ ብቻ ነው፣ 10 አመት ተፈርዶበት ሶስት አመት ተኩል ገደማ ቆይቶ ወጣ፣ የመርከቡ ባለቤቶች ትንሽ ቅጣት ከፍለው ሄዱ።

የጀርመን ሰፈሩ ከዛ በኋላ ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ፣ ሚስትና ልጆቹን ባንዴ የቀበረ ሰው እዛው መንገድ ላይ ምን ይሰራል።

የኩዌት ማድቤት፦
ወይኔ እናቶች 😭 በገዛ እጃቸው

ስታተን ነኝ፦
ለምን ደሴት? ለሚለው እኔ ሰፈር መልስ አለ። ድሮ የኒውዮርክ የመርከብ ኳራንታይን ስታተን አይላንድ ላይ ነበር፣ ከ1799 ጀምሮ፣ ሰፈርተኛው ቢጫ ወባ አመጣችሁብን እያለ ስንት ጊዜ አቤት አለ፣ የሚሰማ አጣ። በመስከረም 1858 መጀመሪያ ተሰብስበው በሁለት ሌሊት ሆስፒታሉን በሙሉ አቃጠሉት! በሽተኞቹን መጀመሪያ አልጋቸውን ይዘው ወደ ውጪ አውጥተው፣ ከዛ እሳት። መሪዎቹ ተከሰሱ፣ ነጻ ወጡ። ከተማው ተምሮ ባህር ውስጥ አፈርና ድንጋይ እየደፋ ጎረቤት የሌላቸው ሁለት ሰው ሰራሽ ደሴቶች ሰራ፣ ሆፍማንና ስዊንበርን፣ ከባህር ዳርቻው ዛሬም ይታያሉ፣ አሁን የወፍና የባህር ውሻ ናቸው። እንግዲህ ጎረቤት የማያቃጥለው ብቸኛ ቦታ ውሃ የከበበው ነው።

ዲያቆን ነበርኩ፦
ኳራንታይን የሚለው ቃል ራሱ አርባ ማለት ነው፣ ቬኒሶች መርከብ አርባ ቀን ያስቆሙ ስለነበር። ከነሱ በፊት ራጉሳ (የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ) በ1377 ሰላሳ ቀን አድርጋ ጀምራዋለች። ለምን አርባ? ሙሴም አርባ ጌታም አርባ፣ ከዛ አልወጡም። እኛም ወንድ ልጅ በአርባ ሴት በሰማንያ ክርስትና እስኪነሱ አራሷ ከቤት አትወጣም አይደል። አያቴ ደግሞ ኮሶም ይሁን ሌላ ከባድ መድኃኒት ወስዶ ከሰውም ከፀሐይም የተከለለ ሰው «ወሸባ ገባ» ትል ነበር፣ በኮሮና ጊዜ ቃሉን ሬዲዮ ላይ ስሰማው አያቴ ከመቃብር የተነሳች ነው የመሰለኝ።

ብቻ የኛ ወሸባ ገንፎ የሚያመጣ ጎረቤት አለው። ያኛው ውሻ ብቻ።

ቀይ ወጥ፦
እሺ አሁን ለምን ባዶ ሆነች? ሰይጣን አለባት ይላሉ

መሪ ጨባጭ፦
@ቀይ ወጥ አንተና ዩቱብህ 😂 ሰይጣን አይደለም፣ ክትባትና አንቲባዮቲክ ናቸው ያባረሩት። በ1943 ትልቅ የሳንባ ነቀርሳ ህንጻ ሰሩባት፣ ግን ዘመኑ እየተለወጠ ስለነበር በሽተኛ በደንብ ሳያየው ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ ቤት ያጡ ተመላሽ ወታደሮች ከነሚስቶቻቸው ሰፈሩባት፣ የመንግስት ስኮላርሽፕ አግኝተው ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ፣ ጠዋት በጀልባ ወደ ክላስ ማታ በጀልባ ወደ ልጅ። ሜሪ የኖረችበት ሳር ላይ ልጆች ኳስ የተጫወቱባቸው ጥቂት አመታት ነበሩ፣ ይሄን የሚያወራ ግን የለም፣ አስፈሪ ስላልሆነ።

1952 ላይ ደግሞ የሄሮይን ሱስ የያዛቸውን ወጣቶች ማገገሚያ ሆነች። ያው የድሮው ዘዴ ነው፣ ለየው፣ ዝጋበት፣ ከዛ መልሰው። አብዛኞቹ ሰፈራቸው ሲመለሱ ወደዛው ተመለሱ። 1963 ተዘጋ። ጀልባው ቆመ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ሀረጉ ጀመረ። አሁን የከተማው መናፈሻዎች ክፍል ንብረት ናት፣ የወፎች መጠለያ፣ ለጎብኚ ዝግ፣ ተመራማሪም በፈቃድ ነው የሚገባው ያውም ወፎቹ እንቁላል በማይጥሉበት ወቅት። የሌሊት ሳቢሳ የሚመስሉ፣ ጀርባቸው ጥቁር አይናቸው ቀይ ወፎች በብዛት ይፈለፈሉባት ነበር፣ የሚያስቀው እነሱም ከጊዜ በኋላ ጥለዋት ሄዱ።

ስንት ሰው ይከፈት ይላል። እኔ መጀመሪያ ይከፈት ባይ ነበርኩ፣ አሁን ግን የሰልፊ ቦታ ስትሆን ሳስባት ይቅር እላለሁ።

ታሪክ ወዳድ፦
ሜሪስ መጨረሻዋ? የት ተቀበረች

መሪ ጨባጭ፦
1932 ስትሮክ ጣላት፣ ስድስት አመት አልጋ ላይ፣ ህዳር 11 ቀን 1938 በፈረንጆቹ አረፈች፣ በሳንባ ምች። ቀብሯ ላይ 9 ሰው ነበር ይላል። ብሮንክስ ቅዱስ ራይመንድ መቃብር ነው ያለችው፣ ከማራግፍበት ሩቅ አይደለም።

የኩዌት ማድቤት፦
ወንድሜ አደራ፣ ስታልፍ አንድ ጧፍ አብራላት። በኔ ስም። የሰው ቤት ሰራተኛ ናት ለኔ። ልጆቹ ለሞቱባቸውም ጭምር

መሪ ጨባጭ፦
እሺ እህቴ፣ ሐሙስ ተመላሽ ነኝ አደርገዋለሁ። ግን ጧፍ ብሮንክስ የት ነው የሚገኘው?

ዳግም ከኩዊንስ፦
ሻማ አይሆንም እንዴ? ካቶሊክ ናት እኮ

መሪ ጨባጭ፦
እሱም አለ። በሉ መብራቴ አረንጓዴ ሆነ፣ ትራኩን ላውጣ ከኋላዬ እየጮሁብኝ ነው።